ማተብ ላይ የታሰረ ቁልፍ

የባንኩ የብድር ሠራተኛ የነርሷን የቅጥር ደብዳቤ አንብቦ ሲጨርስ አንዷን መስመር በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋት። «እህቴ፣ ገና የሙከራ ጊዜዎን እንዳልጨረሱ ይላል። ቋሚ ሲሆኑ፣ በየካቲት ይመለሱ።» ከዳባት ጤና ጣቢያ ለቅቃ ደባርቅ ሆስፒታል የገባችው ለቤት ብድሩ የሚበቃ ደመወዝ ፍለጋ ነበር። ተረኛ ሆና ስላደረች ለመከራከር እንኳ አቅም አጣች።

ቤቱን የሚሸጡላት ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጠዋል። እስከ ኅዳር ሚካኤል ሊጠብቋት በሰው ፊት ቃል ሰጥተዋት ነበር። በዓሉ ነገ ነው፤ አንድ ነጋዴ ደግሞ ሙሉውን ገንዘብ አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። «አባባ፣ ለእሱ ይሽጡለት። አልቀየምም» አለች ወለሉን እያየች።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱና የቤቱን ቁልፍ ከማተባቸው ላይ መፍታት ጀመሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቁልፉ ከዚያ ወርዶ አያውቅም። «መሥሪያ ቤቱ አንቺን እስኪሞክር፣ አንቺ ደግሞ ቤቱን እየኖርሽበት ሞክሪው» አሉ። «እኔ ልጄ ዘንድ ገብቻለሁ። ሰው የማይኖርበትን ቤት እየተመላለስኩ መጥረግ ደክሞኛል።» ቋጠሮው ግን ከርሮ እምቢ አላቸው። እሷም ጎንበስ ብላ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፋሻ ሲያስሩ ባደሩ እጆቿ ፈታችላቸው። ቁልፉ ከደረታቸው ሙቀት ገና አልበረደም ነበር።