ለዶን ኤፒፋኒዮ የሚሆን ሞሌ

ኤውላሊያ ሜክሲኮ ሲቲን ገበያ ለገበያ ስታስስ ሰነበተች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአባቷ አገር፣ በዋሃካ ወግ ከበርበሬና ከጥቂት ቸኮላት የተሠራ ጥቁር የሞሌ ወጥ። ይህን በሚያህል ከተማ፣ በየመንገዱ ዳር ድስት በተጣደበት አገር፣ አንድ የረባ ወጥ መጥፋቱ ሊያሳብዳት ደርሷል።

አንዱ ጋ ስትቀምሰው ስኳር ነው። ሌላው ጋ ቸኮላት በውሃ በጥብጠው «የአያቴ አሠራር ነው» ይሏታል። ከሁሉ ያናደዳት ግን ግድግዳው ላይ የዋሃካን ካርታ የሰቀለው ምግብ ቤት ነው። ቡናማ መረቅ አቀረበላትና አሳላፊው፣ «ለከተማ ሰው እንዲስማማ አለስልሰነው ነው» አላት።

«እኔ የከተማ ሰው እመስልሃለሁ?»

አሳላፊው ጫማዋን አየ።

ራሷም ሞክራው ነበር። የበርበሬውን ፍሬ ስታሳርር ጎረቤቱ ሁሉ እያሳለ በሯን ደበደበ፤ የወጣው ወጥ ግን ለውሻም አይሰጥ። እናቷ ሙያዋን ይዛው ሞታለች።

ነገሩ የሆድ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ትተወው ነበር። አባቷ ዶን ኤፒፋኒዮ በፋሲካ ሰሞን አርፈዋል። ዘንድሮ ሙታን ለመብላት ወደ ቤተሰባቸው ይመጡበታል በሚባለው በሙታን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕድ ይዘረጋላቸዋል፤ የመንደሩ ቤት ስለተሸጠም የሚዘረጋው እዚሁ፣ እሷ ሳሎን ውስጥ ነው። እሳቸው ደግሞ ይህን ከተማ አይወዱም። ለሠርጓ የመጡ ጊዜ የቀረበላቸውን ሞሌ አንዴ ቀምሰው ሳህኑን ገፉና፣ «ልጄ፣ እኔ ሞቼም ቢሆን እዚህ ከተማ አልበላም» ብለው በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ያኔ ሰው ሁሉ ስቆ ነበር።

አባትና ልጅ በምግብ አስቸጋሪ ናቸው። ኤውላሊያም ልጅ ሳለች ከሙታን ማዕድ የተረፈውን በማግስቱ ሲሰጧት ምንም አይጥምም ብላ ታለቅስ ነበር። አያቷ ሙታኑ ጣዕሙን ይዘውት ሄደዋል እያሉ ቢያባብሏትም፣ እሷ ያደረ ዳቦ ድሮስ መቼ ይጣፍጣል ባይ ነበረች።

ወንድሟ አቡንዲዮ ከሞንቴሬይ እየደወለ ይነዘንዛታል።

«አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»

«አታገኚማ። አባባ ለስኳር ወጥ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣ ይመስልሻል? ሽማግሌውን አታውቂውም እንዴ?»

«አንተ ቤቱን ባትሸጠው የት እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።»

«እሺ፣ እሺ። ብቻ አደራ፣ የገበያ ሴቶች እንዳይሸውዱሽ። የጠቆረ ውሃ ሞሌ ነው ብለው ይሸጡልሻል።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ያበሳጫት እውነቱን መናገሩ ነበር። አባቷ ዘንድሮ ካልመጡ፣ እንዳኮረፏት ለዘለዓለም መቅረታቸው ነው።

በበዓሉ ዋዜማ ባዶ እጇን ከገበያ ስትወጣ፣ ከአበባ ሻጮቹ ጀርባ አንዲት አሮጊት ትልቅ ድስት ሲያማስሉ አየች። ዶኛ ክሌሜንሲያ ይባላሉ። ኤውላሊያ ለመቅመስ እጇን ስትዘረጋ መለሱት።

«ለማን ነው?»

«ለአባቴ። ለማዕዱ።»

«እንግዲያውስ አትቀምሽም። ለሙታን የተባለውን እነሱ ሳይበሉ ማን ይነካል? እናትሽ ይህን አላስተማረችሽም?»

«ሳልቀምስ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«እኔ እያልኩሽ፣ የኔ ልጅ።»

ይህም የሻጭ ብልጠት ነው አለች በልቧ። ሴትየዋ ዓይኗ እያየ አንድ ጭልፋ መረቅ ድስቱ ላይ ሲጨምሩ ደግሞ ጭራሽ አላማራትም። ነገር ግን ቀኑ መሽቶባታል፤ ሌላ የምትሄድበት የለም። ገዛች።

ቤት ገብታ የአባቷን ፎቶግራፍ አቆመች። ሻማ አበራች፣ መንገድ እንዲመራቸው ከበሩ እስከ ማዕዱ ብጫ አበባ በተነች። ሞሌውን፣ የበዓሉን ዳቦና አንድ ብርጭቆ አረቄ ደርድራ ስታበቃ፣ ፊታቸው ኮስተር ብሎ የሚያያት መሰላት።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ ፊደንሲዮ ከማዕዱ ላይ ዳቦ አንስቶ ገመጠ።

«ይሄን ዳቦ ቤት ደግሞ ምን ነካው?» አለ። «ገለባ ነው እኮ የሚያስበሉን።»

ኤውላሊያ አልሰማችውም። ጣቷን ሞሌው ውስጥ ነክራ ከላሰች በኋላ ባለችበት ደርቃ ቀርታለች። በርበሬ የለው፣ ጨው የለው፣ ሽታ እንኳ የለው። ጭቃም ከዚህ ይሻላል።

«ተሸወድኩ» አለች። ቀና ብላ የአባቷን ፎቶ ለማየት አፈረች። ይህን አቅርባላቸው ነው ለካ ይመጣሉ ብላ ስትጠብቅ ያመሸችው።

ሳህኑን እንደያዘች ወደ ገበያ ገሰገሰች። ዶኛ ክሌሜንሲያ ያንኑ ድስት እያሞቁ ነበር።

«ምንድነው የሸጡልኝ? ውሃ እኮ ነው። አባቴን አስቀየሙብኝ።»

አሮጊቷ አልተቆጡም። ሳህኑን ተቀብለው አሸተቱና አማተቡ። ከዚያ በቶርቲያ ቂጣ ቁራሽ ከድስቱ ጠቅሰው ዘረጉላት።

«የትናንቱም ከዚሁ ድስት ነው። ዛሬ ትችያለሽ፣ ቅመሺ።»

እንደተናደደች ጎረሰችው። መጀመሪያ ያረረው የበርበሬ ፍሬ መጣ፤ ቀጥሎ የአቮካዶ ቅጠሉ፤ መጨረሻ ላይ የእናቷ ጓዳ። ምላሷ እስኪደነዝዝ አቃጠላት።

«ምን ጎደለው?» አሉ ዶኛ ክሌሜንሲያ።

ኤውላሊያ ስልኳን አወጣችና ወደ ሞንቴሬይ ደወለች።

«አቡንዲዮ» አለችው፣ «አባባ መጥቶ በልቷል።»