ክርን የሌለው ሰውዬ

ክርን ማለት የላይኛውና የታችኛው ክንድ የሚጋጠሙበት፣ ሰው እጁን ሲያጥፍ ወደ ውጭ የሚሾል አጥንት ነው። ማንም ሰው ሁለት አለው። በአውሮፓውያኑ 1920ዎቹ የነበሩ የአሜሪካ ካርቱን ሠሪዎች ግን አላስፈለጋቸውም፤ የሚስሉት ሰው ክንድ እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ በፈለገው በኩል ይጠማዘዝ ነበር።

ሐረገወይን ይህን ታውቃለች። እጇ ግን አያውቅም። ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ ሰፈር ሥዕል ስትማር ያስለመዷት ሰው አቁማ መሳል ነው፤ ክርን የሌለው ክንድ ሳዪ ሲሏት እርሳሱ በገዛ ራሱ ክርን ያወጣለታል።

አሁን የምትሠራው ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ስቱዲዮው ስለ አሜሪካ ካርቱን ታሪክ ፊልም ሊሠራ ነው፤ ካሉት ሁለት ሠዓሊዎች የሚያስቀረው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሁለተኛው ሠዓሊ አበጀ ይባላል፤ እሱም ሐበሻ ነው።

ፈተናው አንድን ሰውዬ በአራት ዘመን አሣሣል ማስኬድ ነበር፤ በሃያዎቹ እንደ ጎማ፣ በአርባዎቹ ሥጋና ክብደት ያለው፣ በሃምሳዎቹ ከካርቶን የተቆረጠ የሚመስል ጠፍጣፋ፣ በስልሳዎቹ ደግሞ፣ ለቴሌቪዥን ቶሎ እንዲደርስ፣ ሲያወራ ከአፉ በቀር ምኑም የማይንቀሳቀስ። አሣሣሉ በየዘመኑ ተሻሻለ ወይስ ደከመው የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

የሐረገወይን የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራዋ ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ከሄደ እሷና ልጇ ያኔትም ይሄዳሉ።

«እማ፣ ሹለ እዚሁ ነው የምጨርሰው፣ አይደል?» አለች ያኔት፣ ትምህርት ቤቷን በጀርመንኛ ጠርታ።

«ገብርኤል ያውቃል» አለች እናትየው። ስለት ከገባች ሰንብታለች።

የፈተናው ሥዕል በሚረከብበት ዋዜማ ሐረገወይንና አበጀ ላንግሽትራሰ መንገድ አንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ በሉ። ሒሳብ ስትጠይቅ ተከፍሏል አሏት። አበጀ እጄን ልታጠብ ብሎ የተነሣ ጊዜ ነው የከፈለው።

«አንተ ሌባ! ዛሬ የእኔ ተራ አልነበረም?»

«ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«ይኸው።» ጃኬቱን እየደረበ «የሃያዎቹን ክንድ እንዴት አደረግሽው?» አላት።

«ምን አገባህ?»

«እንዲያው ነው። እኔ ጌታ ይመስገን ብቻዬን ነኝ፤ አንቺ ግን…»

«እኔ ግን ምን?»

«ምንም። ነይ እንሂድ፣ ትራሙ መጣ።»

ትራሙ ውስጥ ሐረገወይን ከእሱ ርቃ ተቀመጠች። ሊያስፈራራት የፈለገ መሰላት።

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ሁሉም ወጣ። ሐረገወይን ስልኳን ረስታ ስትመለስ በመስተዋቱ በር በኩል አበጀን አየችው። የእሷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የእሷ ፎልደር ተከፍቷል። በአንድ እጁ ላጲስ፣ በሌላው እርሳስ ይዟል።

ደረጃው ጥግ ተሸሸገች።

አበጀ ፎልደሩን መልሶ ዘግቶ ሲሄድ ገባች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ አለ፤ መስመሯ ተነክቷል። የቀረውን ሳታይ ፎልደሩን ዘጋችው። እንደገና ለመሳልም ጊዜ የለም፤ ምሳ እንዳለቀ ማስረከብ ነው።

የአበጀ ፎልደር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስም ያለው ፎልደሮቹ ላይ እንጂ ሥዕሎቹ ላይ አይደለም። የእሱን ሥዕሎች በእሷ ፎልደር፣ የእሷን በእሱ ከተተች።

«ገብርኤል፣ ይቅር በለኝ» አለች። ቀጥላም «እሱ ነው የጀመረው» አለች።

በሦስተኛው ቀን የስቱዲዮው ኃላፊ ፍራው ሉትስ ሁለቱን ጠርታ የአበጀን ፎልደር አነሣች።

«ይህ በጣም ጥሩ ነው። የሃያዎቹ ክንድ መጀመሪያ ተሳስቶ ነበር፤ በትዕግሥት፣ ገጽ በገጽ ታርሟል።»

ቀጥላ የሐረገወይንን ከፈተች።

«ይህን ግን ልረዳው አልቻልኩም፣ ሐረገወይን። የአርባዎቹ ሰው ክብደት የለውም፣ የስልሳዎቹ ሲያወራ መላ አካሉ ይወዛወዛል። መሳል የሚያውቅ ሰው ነው የሳለው፤ አውቆ ያበላሸው ይመስላል።»

አበጀ በእሷ ፎልደር ውስጥ የራሱን ሥዕሎች አየ። ከዚያ እሷን አያት።

«ሐረግ» አለ በአማርኛ፣ «ምን አደረግሽ?»

ሥራው ለአበጀ ሆነ።