ክር ከአፍንጫ ሥር

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቁማ ጆሮዋን ቀሰረች። ከትምህርት ቤት መጥታ ሶፋው ላይ ጋደም ያለችው ልጇ አታንኮራፋም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝምታ ማለት የልጅቷ ትንፋሽ ተቋረጠ ማለት ነበር፤ እናት ሌት ተቀን ስትቀሰቅሳት ነው የኖረችው። አሁንም የምትሰፋውን የሙሽራ ቀሚስ ጥላ ዘላ ተነሳች።

አንዲት ቀጭን ክር ከልጇ አፍንጫ ሥር ይዛ የራሷን ትንፋሽ ዋጠች። ክሯ ወዲያ አለች፤ ወዲህ አለች። ያኔ ነው ዘወትር ገርበብ የሚለው አፍ ግጥም ብሎ መዘጋቱን ያየችው። የጥርስ ሐኪሙ ጠባቡን ላንቃ የሚያሰፋ ብረት ሲያስርላት፣ “አፍንጫዋም መንገድ ያገኛል” ብሎ ነበር። እሷ ግን፣ “ጥርስና አፍንጫን ምን አገናኛቸው!” ብላ በሆዷ ስቃበታለች።

“እማ፣ ምን እየለካሽ ነው?” አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

“እንቅልፍሽን። ተኚ።”

እናት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች። ጫማዋን አወለቀችና ከልጇ እግር ሥር ጋደም አለች።

“የሙሽራዋ ቀሚስስ? አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች እኮ!”

“ትጠብቃ! እኔ ለዚህች እንቅልፍ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ።”