ያልደረቀው ጫማ

ሰርካዲስ ከአማን ወደ ቴፒ የተሳፈረችው ለጸሎት አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አንዲት የታጠፈች ደብዳቤ አለች፤ «ከሴቶች ኅብረት በፈቃዴ መውጣቴን አሳውቃለሁ» ትላለች። እሁድ በመዝጊያው ጸሎት ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ለሰብሳቢዋ ለማናልሞሽ ልትሰጣት ቆርጣለች።

ምክንያት አላት። መስከረም ላይ ወባ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ሲጥላት፣ ሃያ ሁለቱም የኅብረቱ ሴቶች በቴሌግራም ግሩፑ «በጸሎታችን ነሽ እኅታችን» ብለው ጻፉላት። ማናልሞሽማ አበባ ሁሉ ጨምራለች። በሯን ያንኳኳች ግን አንዲትም አልነበረችም። እያንዳንዷ ሌላዋ ሄዳለች ብላ ይሆናል፤ ይህ ለሰርካዲስ አልተዋጠላትም። በጣም ከፍቷት ነበር።

ሴቶቹ ሪትሪት የሚሉት ይህ የሦስት ቀን ጸሎት አንድ ልማድ አለው። ዓርብ ማለዳ የስም ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዷ ሴት የደረሳትን ስም ለባሏም ሳትናገር እስከ እሁድ ትጸልይላታለች፤ በስውር ደግ ደጉን ታደርግላታለች። እሁድ ምስጢሩ ይፈታል፣ ከዚያ ተቃቅፎ ማልቀስ ነው።

ስሞቹን የጻፈችው ማናልሞሽ ናት። ወረቀቶቹን በጥቁር ፌስታል ይዛ በቴፒው የጸሎት አዳራሽ በየወንበሩ ዞረች። ወረቀቷን የከፈተች ሁሉ ቶሎ አጥፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጥግ ይዛ የተቀመጠችው ሰርካዲስ ዘንድ ሲደረስ ፌስታሉ ባዶ ነበር።

«አንዷ ወድቃ እጄ ላይ ነች። ያንቺ ትሁን» አለች ማናልሞሽ፣ ከመዳፏ እየሰጠቻት።

ሰርካዲስ ከፈተችው። «ማናልሞሽ» ይላል።

ሴትዮዋ ጸላይ አጥታ ራሷን አስያዘችኝ እኮ፣ አለች በልቧ። ያም ሆኖ ዕጣ ዕጣ ነው፤ ተንበረከከች። «ጌታ ሆይ፣ ማናልሞሽን…» ብላ ጀመረችና እዚያው ላይ ተወችው።

ከምሳ በኋላ ከመኝታ ክፍሉ ብትወጣ፣ በቴፒ ጭቃ ተለውሶ የነበረው ጫማዋ ታጥቦ በር ላይ ተቀምጧል። ማር ነጋዴዋ እትዬ ለተብርሃን ከቧንቧው በኩል እጃቸውን እያራገፉ ሲመጡ አየች።

«እትዬ፣ ምን ሲሠሩ ነበር?»

«እኔ? ምንም። እጄን ታጠብኩ» አሉ እትዬ ለተብርሃን፣ መንገድ እየቀየሩ።

ተያዙ። ሰርካዲስ ሳቋን ዋጠች።

ጫማው ግን ማታ እንደገና ታጠበ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሳትጫማው ታጠበ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ በሙቀቱ በወረቀት ሲያራግብ፣ አልጋዋ ላይ አራት ብርድ ልብስ ተነጥፎ ጠበቃት። ትራሷ ሥር ኮረሪማ፣ ጠርሙስ ማርና ሁለት አናናስ ተሸጉጠዋል። እኚህ ሴትዮ በስልሳ ዓመታቸው ከየት ያመጡት ጉልበት ነው?

ጎንበስ ብትል ደግሞ ከኅብረቱ ወጣቶች አንዷ፣ ሮዳስ፣ አልጋዋ ሥር ናት።

«ጉትቻዬ ጠፍቶብኝ ነው» አለች ሮዳስ። ሁለቱም ጉትቻዎች ጆሮዋ ላይ ነበሩ።

ወዲያው ጓደኛዋ ትዕግሥት የውሃ ባሊ ይዛ ገባች። «ሮዳስን ፈልጌ ነው» አለች።

ገባኝ፣ አለች ሰርካዲስ። እትዬ ለተብርሃን እነዚህን ልጆች እያሰማሩ ነው።

ሻይ ላይ ትዕግሥት አኩርፋለች። «እኔ የደረስኳት ሴት እንቅልፍ ወስዷት መሆን አለበት። ከረሜላ እንኳ አላየሁም።»

«እኔስ ብትይ» አለች ሮዳስ።

ሰርካዲስ ሆዷ ባባ። መረሳትን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አናናሱን በነጠላዋ ሸፍና ሄዳ ትዕግሥት ትራስ ሥር ወሸቀችው። ማሩን ለሮዳስ አደረገችው። ኮሽታ ስትሰማ መጋረጃ ውስጥ ተጠቅልላ ትንፋሿን ዋጠች፤ አላፊው ሲያልፍ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከወባው ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ያን ቀን ጸሎቷም ትንሽ ረዘመ። «ጌታ ሆይ፣ ማናልሞሽን ባርካት። ብቻ አትቸኩል» አለች።

እሁድ ጫማዋ አሁንም ርጥብ ስለነበር አዳራሹ የገባችው በነጠላ ጫማ ነው። ቅር አላላትም። ዝማሬው ደምቆ፣ ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ እሷም አጨበጨበች። ደብዳቤዋን ግን ከመጽሐፍ ቅዱሷ አውጥታ ይዛለች። ሁለት ቀን ሙሉ አስባበታለች፤ ያስታወሰቻት አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ለአንዲት ሴት ብላ ከሃያ ሁለት ሰው ጋር መቀጠል አይሆንላትም። እትዬ ለተብርሃንን አቅፋ ታመሰግናቸዋለች፣ ደብዳቤዋን ታስረክባለች፣ የአማኑን መኪና ትሳፈራለች።

ማናልሞሽ ፊት ለፊት ወጣች። 

«ዘንድሮ ከሰርካዲስ እንጀምራለን» አለች። «ለሰርካዲስ ስትጸልይ የሰነበተች እኅት ትነሣ።»

ሰርካዲስ ደብዳቤዋን በግራ እጇ እንደያዘች ቀኝ እጇን ወደ እትዬ ለተብርሃን ዘረጋች።

ሃያ አንዱም ሴቶች ባንዴ ተነሡ፤ ማናልሞሽ መጀመሪያውኑ ቆማ ነበር።