እማዬ «እርስዎ» አለችኝ

በ2090 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጥንታዊቷ ሮም ፍርስራሽ በር ላይ የቆሙት ይትባረክና ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀው የመጣችው ታላቅ እህቱ ዘነበች ነበሩ።

በዚያ ዘመን ድምፅ እንደ ኩላሊት ይለገስ ነበር፤ የለገሰ ሰውም ዳግመኛ አይናገርም። ይትባረክ ሮም ለመኖር ፈቃድ ያገኘው እናቱ ድምፃቸውን ለከተማዋ ማስጎብኛ ማዳመጫዎች ስለሰጡለት ነው። ለእህቱ ግን «ጉሮሮዋን በሽታ ዘጋው» ብሏታል። ደብረ ብርሃን ያሉት እናት ከዚያ ወዲህ ሰው ሲፈልጉ ብርጭቆ በማንኪያ ይመታሉ።

«እታለም፣ የጣልያንኛው ማዳመጫ ይሻላል፤ እኔ እተረጉምልሻለሁ» አለ።

«የአማርኛው እያለ ሮም ላይ በአስተርጓሚ ልሂድ? ተው እንጂ አንተ ፈረንጅ» ብላ ሳቀችና የአማርኛውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። እሱም ቢጨንቀው የራሱን ሰካ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ የእናታቸው ድምፅ። «የሚረግጡት ድንጋይ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል። እንዳያዳልጥዎት ቀስ ይበሉ።»

ዘነበች ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«እማዬ እርስዎ አለችኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ራሷ ናት ልስጥህ ያለችው ወይስ አንተ ነህ የለመንካት?»

ይትባረክ ድንጋዩን እያየ፣ «ለመንኳት» አለ።

«ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁኝ» አለ ድምፁ።

«እማዬ፣ ቁርስ በልተሻል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የምመልሰው ስለ ፍርስራሹ ብቻ ነው።»

ዘነበች ጉብኝቱን ብቻዋን እስከ መጨረሻው ሄደችና ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ይትባረክ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ውጭ ቆሞ ጠበቃት።