የፈረመ ያኑረው

ከሸክላ አፈርና ከፉርሽካ የሚሠራው ዱቄት፣ ፕላስቲክን ከእሳት ይከላከላል ሲባል የኖረውን መርዝ ከተካ ወዲህ አዋጁ አጭር ነው፤ መርዙን በፊርማው ያስገባ ሰው፣ መርዙ ያለበትን የተሰበሰበ አሮጌ ዕቃ በገዛ ቤቱ ያኑር። ሕፃን በዚያ ደጅ አይለፍ።

የወይዘሮ ትርንጎ ሳሎን እስከ ጣሪያው በቴሌቪዥን ጀርባና በሶኬት ተሞልቷል። የሚተኙት ማድቤት ነው።

“እማዬ፣ ይግባኙን ጽፌልሻለሁ” አለች ልጃቸው ማህደር በሩ ላይ ቆማ፣ የአራት ዓመት ልጇን የኤልዳናን እጅ አጥብቃ ይዛ። “ሌላ አማራጭ መኖሩን አላውቅም ነበር በይና ፈርሚ። ዕቃውን ያነሱልሻል፤ እሷም ትገባለች።”

“አሁንም ፈርሚ?”

“ቀልዱን ተይው! ሌላ አልነበረም አላልሽንም?”

ወይዘሮ ትርንጎ የዘረጋችላቸውን ብዕር ተቀብለው፣ ሳይፈርሙ መልሰው ሰጧት።

“የሸክላው ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ኬሚስቶቹ ስድስት ወር ይታገሡን ብለው ለመኑኝ። ቤት እየተቃጠለ ምን ትዕግሥት አለ ብዬ ጮህኩባቸው። ያስቸኮለኝ ግን የሰው ቤት አልነበረም፤ ሹመቴ ነበር።”

ማህደር ወረቀቱን አጣጠፈችው። “እኔ ያኔ ስንት ዓመቴ ነበር?”

“ጥርስ እያወጣሽ ነበር። ያገኘሽውን ሁሉ ታኝኪ ነበር።”

ማህደር እጇ ላላ። ኤልዳና አምልጣ “እማማ!” እያለች ሮጠች። የወይዘሮ ትርንጎ ክንዶች ሊያቅፏት ተዘረጉ። ሕፃኗ ደፉን ሳትረግጥ ግን በሩን ራሳቸው ዘጉት፤ ትንንሾቹ መዳፎች ከውጭ ሲደበድቡትም ጀርባቸውን አስደግፈው ቆሙ።