የሚቀጥነው ውሃ
ልጇ ያመጣችው የቧንቧ ሠራተኛ አዲስ የገጠመውን የውሃ መግፊያ ፓምፕ ሲያስነሳ፣ እናትየው ምድር ቤት ባለው መታጠቢያ እጇን ከቧንቧው ሥር ዘርግታ ቆማ ነበር። ውሃው ከጣሪያው ታንከር በገዛ ክብደቱ ብቻ ይወርድ በነበረ ጊዜ፣ ባሏ ፎቅ ላይ ሲታጠብ የእሷ ቧንቧ እንደ ክር ይቀጥን ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም፣ ፎቁ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንድ ጠዋት ውሃው እጇ ላይ ይቀጥንባት ነበር። ለማንም አልተነፈሰችም። ከማን አንሳ ነው ጃጀች የምትባለው!

"እማ፣ እዚህ ሁለቱንም ሻወር ከፍቻለሁ! አሁንም ቀጠነብሽ?" ብላ ልጇ ከላይ ጮኸች።

አልቀጠነም። እንደ ወይፈን እየዘለለ መዳፏን ገረፋት። ምነው እሺ ከማለቴ በፊት ምላሴን በቆረጠው፣ አለች በሆዷ፤ ባሏን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበረችው መሰላት።

"በቃ፣ ዝጊው!"

ልጅቷ ሁለቱንም ዘግታ ወረደች። እናትየውም የራሷን ጠመዘዘች። ፓምፑ ግን ማጉረምረሙን አላቆመም።

"ቧንቧ ሁሉ ሲዘጋ ዝም ማለት ነበረበት" አለ ሠራተኛው ግራ ተጋብቶ። "የሚያፈስ ቦታ ይኖራል። ላጥፋው፣ እማማ?"

ልጅቷ ወደ ደረጃው ቀና ብላ ክንዷን አሻሸች። ከላይ፣ ውሃ ወለል ላይ ሲወርድ ይሰማ ነበር።

"እጅህን ሰብስብ!" አለችው እናትየው። "ዕድሜውን ሙሉ በጠብታ ሲለቃለቅ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ እንኳ ጠግቦ ይታጠብ።"